ኤስኤሲዲ፣ ዲቪዲ ኦዲዮ ወይስ ብሉ ሬይ? ማጫወቻ ለመግዛት ለምታስቡ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ጥሩ ድምፅ የሚወድ ሰው ሞልቷል። ችግሩ ዕቃው ነው። ደህና ማጫወቻ የሚገኘው ወይ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው፣ ወይ ያገለገለ ሆኖ ከአዲስ አበባ። በሁለቱም መንገድ የተሳሳተ ዕቃ ከገዙ መመለስ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ብር ከማውጣት በፊት ልዩነቱን ማወቅ ይሻላል።

ከዲስኮቹ እንጀምር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ቁጠሩልኝ።) ተራው ሲዲ በ1982 ለገበያ ቀረበ። ድምፁን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱን ልክ በ16 ቢት (በ16 የ0 እና የ1 አሃዞች) ይጽፋል። ኤስኤሲዲን (ሱፐር ኦዲዮ ሲዲ፣ ከተራው ሲዲ የላቀ ድምፅ እንዲይዝ ተብሎ የተሠራ ዲስክ) ሶኒና ፊሊፕስ በ1999 አወጡት። እሱ የሚጽፈው በ1 ቢት ብቻ ነው፤ ግን በሰከንድ ከ2.8 ሚሊዮን ጊዜ በላይ። ዲቪዲ ኦዲዮ በ2000 መጣ፤ የሲዲን መንገድ ተከትሎ እስከ 24 ቢትና 192 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 192,000 ልክ) ይደርሳል። ብሉ ሬይ ኦዲዮም እዚያው ድረስ ይሄዳል፤ ጥቅሙ ማንኛውም ብሉ ሬይ ማጫወቻ የሚያነበው መሆኑ ነው።

ከሦስቱ ዲቪዲ ኦዲዮን ብትተዉት አይቆጫችሁም። አዲስ ዲስክ እምብዛም አይወጣለትም። ብዙዎቹን ለማጫወት ደግሞ ዝርዝሩን ለማየት ቲቪ መክፈት ያስፈልጋል። ሙዚቃ ልስማ ብሎ ቲቪ መክፈት ምን የሚሉት ነገር ነው? ኤስኤሲዲ ግን እስከ ዛሬ ይታተማል፣ በተለይ ክላሲካልና ጃዝ።

አሁን ሻጮች የማይነግሯችሁን ልንገራችሁ። በ2007 የኦዲዮ ኢንጂነሪንግ ማኅበር መጽሔት አንድ የማዳመጥ ሙከራ አትሞ ነበር። የኤስኤሲዲና የዲቪዲ ኦዲዮ ድምፅ አንዴ እንዳለ፣ አንዴ ወደ ሲዲ ልክ ወርዶ ለአድማጮች ተሰጠ። ከ500 በላይ ጊዜ ተሞከረ። ለይተው ያወቁት ግማሹን ያህል ነው፤ ዘውድ ወይስ ጎፈር ብሎ ከመገመት አልተሻለም። ታዲያ የኤስኤሲዲ ድምፅ ይበልጣል የሚሉ ሰዎች ዋሹ? አልዋሹም። እዚያው ጽሑፍ ላይ እንደተባለው፣ እነዚህ ዲስኮች ብዙ ጊዜ ከሲዲው በተሻለ ጥንቃቄ የተዘጋጁ ናቸው። ብዙ ሲዲ ጮክ እንዲል ተጨምቆ ይወጣል፤ ኤስኤሲዲው ላይ ዝግ ያለው ዝግ ብሎ፣ ከፍ ያለው ከፍ ብሎ ይቀራል። የምትገዙት ጥሩ ዝግጅትን ነው ማለት ነው፤ ቁጥሩ ብዙም አያሳስባችሁ።

ከማጫወቻው በፊት ደግሞ ክፍሉ አለ። የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ 16 ቢትም 24 ቢትም ያው ነው። በበጋም ቢሆን ግድግዳው ባዶ፣ ወለሉ ሊሾ ከሆነ ድምፁ ይንጫጫል። ክፍሉ መሀል ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ። ከጭብጨባው በኋላ የሚንዘር ነገር ከሰማችሁ፣ ከስፒከሮቹ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ አንድ የመንዝ ባና ወይም ወፍራም የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ስቀሉና እንደገና ሞክሩ። በገና ለዚህ ፈተና የሚስተካከለው የለም። እንዚራው ከአውታሩ ጋር ሲነካካ የሚወጣው ዝዝታ ባዶ ክፍል ውስጥ ይጨማለቃል፤ ባናው ከተሰቀለ በኋላ እያንዳንዱ ምት ለብቻው ይሰማል። ይህን ለውጥ ማንኛውም ጆሮ ይለየዋል፤ ብርድ ልብሱም ቤት ውስጥ አለ።

ወደ ማጫወቻዎቹ እንምጣ። እንደ ዴኖን ዲሲዲ-1600ኤንኢ ያሉት ኤስኤሲዲና ሲዲ ብቻ ያነባሉ፣ ያውም በሁለት ስፒከር። ዲቪዲ ኦዲዮና ብሉ ሬይ አያውቁም። ግን ከኋላ ቀይና ነጭ ቀዳዳ ስላላቸው አባታችሁ ከገዙት አሮጌ አምፕሊፋየር ጋር እንኳ ይስማማሉ። እንደ ሶኒ ዩቢፒ-ኤክስ800 ያለው ብሉ ሬይ ማጫወቻ ደግሞ ሦስቱንም ዲስክ ያነባል፣ ፊልምም ያሳያል። ነገር ግን ቀይና ነጭ ቀዳዳ የለውም፤ ድምፁ የሚወጣው በኤችዲኤምአይ (ከቲቪ ጋር በሚያገናኘው ኬብል) ወይም በኮአክሲያል (ዲጂታል ድምፅ ብቻ በሚያሳልፈው ኬብል) ነው። ኤችዲኤምአይ የሚቀበል ሪሲቨር (የዲሹን ሳይሆን ስፒከሮቹን የሚያሠራውን አምፕሊፋየር ማለቴ ነው) ከሌላችሁ የኤስኤሲዲውን ሙሉ ድምፅ በስፒከሮቻችሁ አትሰሙትም።

ሰው ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ እዚህ ጋ ነው። ኤስኤሲዲ እንዳይቀዳ ተብሎ ጥብቅ መቆለፊያ ተደርጎበታል። በዚህ ምክንያት በኦፕቲካል ወይም በኮአክሲያል የዲጂታል ድምፅ ኬብል ሙሉ ድምፁ አይወጣም። አንዳንዱ ማጫወቻ ጭራሽ ዝም ይላል። በሌላው ዲስኩ ላይ አብሮ የተጻፈውን የተራ ሲዲ ክፍል አስመርጣችሁ ስታጫውቱ ድምፅ ይመጣል፤ እናንተም ኤስኤሲዲ እየሰማን ነው ትላላችሁ፣ የምትሰሙት ግን ተራውን ሲዲ ነው። ሙሉውን የሚያገኘው በቀይና ነጩ ወይም በኤችዲኤምአይ ያገናኘ ነው። ኤችዲኤምአይም ቢሆን ይህን ድምፅ ማሳለፍ የጀመረው በ2005 ከወጣው ሥሪት 1.2 ጀምሮ ስለሆነ፣ ሪሲቨራችሁ አሮጌ ከሆነ መመሪያውን እዩ።

ስለዚህ ሁለት ስፒከርና ስቴሪዮ አምፕሊፋየር ያለው ሰው የዴኖኑን ዓይነት ይያዝ። ቤቱ አምስት ስፒከርና የኤችዲኤምአይ ሪሲቨር ያለው የሶኒውን። የምትሰሙት በአብዛኛው የአማርኛ ሙዚቃ ከሆነ ግን ሁለቱንም ተዉት። በኤስኤሲዲ የወጣ የአማርኛ አልበም እኔ አላጋጠመኝም። ደህና ሲዲ ማጫወቻ ግዙና የተረፈውን ብር ስፒከር ላይ አውሉት።

ያገለገለስ? በ2000ዎቹ ፓዮኒርና ዴኖን ኤስኤሲዲም ዲቪዲ ኦዲዮም የሚያነቡ ዲቪዲ ማጫወቻዎች ሠርተው ነበር። ዛሬ በርካሽ ይገኛሉ። ኦፖ የሚባለውም በጣም ይወደዳል፤ ግን ኩባንያው በ2018 ማጫወቻ መሥራት አቁሟል፣ መለዋወጫ ፍለጋ ውስጥ መግባት ነው። የአሮጌ ማጫወቻ ዋናው በሽታ ሌዘሩ ነው። ሲዲ የሚነበበው በአንድ ዓይነት ጨረር፣ ኤስኤሲዲ ደግሞ በሌላ ስለሆነ አንደኛው ሲደክም ሌላው ሊሠራ ይችላል። ሻጩ ሲዲ ከትቶ «ይኸው፣ ይጫወታል!» ቢላችሁ አትርኩ። አንድ የኤልክትሮኒክስ ጠጋኝ ምን አለኝ መሰላችሁ፦ «ወንድሜ፣ ኤስኤሲዲ ይዘህ ካልሄድክ ባትሄድ ይሻላል።» እውነቱን ነው። ዲስክ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሽፋኑ እስኪሞቅ ድረስ አጫውቱ፣ መጨረሻው ላይ ያለውን ዘፈንም ሞክሩ።

መብራትም አይረሳ። የእኛ 220 ቮልት ነው፤ የጃፓኑ 100፣ የአሜሪካው 120። ማጫወቻው ጀርባ ላይ የተለጠፈውን አንብቡ፤ «100-240»፣ «220» ወይም «230» ካለ ችግር የለም። ከሌለ ትራንስፎርመር ግድ ነው። ገበያ ላይ የሚገኘው ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ለጃፓኑ ዕቃ ትንሽ ይበዛበታል፤ ያውም መብራታችን ከፍ ዝቅ እያለ። ስታቢላይዘር ከማጫወቻው ጋር አብሮ ይገዛ። የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በኅዳር ውርጭ መኪና ላይ ያደረ ዕቃ ሞቅ ያለ ቤት ሲገባ ሌንሱ ጤዛ ይይዛል። ጥቂት ሰዓት ሳታበሩት አቆዩት። ሸዋሮቢትና አጣዬ ላሉት ጠላታቸው አቧራ ነው፤ መሸፈኛ ጨርቅ ይበቃል።

ማጫወቻው ሳይመጣ ዲስክ መግዛት ካማራችሁ ሃይብሪድ የሚባለውን ኤስኤሲዲ ምረጡ። ተራ ሲዲም በውስጡ ስላለ አሁን ባላችሁ ሲዲ ማጫወቻ ይሠራል፣ መኪና ውስጥም ጭምር። ከጃፓን የሚመጡ ውድ ዲስኮች አንዳንዶቹ ግን ኤስኤሲዲ ብቻ ናቸው፤ ተራ ማጫወቻ ምንም አያነብላቸውም። ሽፋኑ ላይ የሲዲ ምልክትም አብሮ መኖሩን ሳታዩ አትክፈሉ።