ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን መኝታ ቤት፦ ሂተር፣ የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ወይስ ከሰል?

የደብረ ብርሃን የኅዳር ውርጭ አጥንት ድረስ ይገባል። እህቴ ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። መኝታ ቤቷን የሚያሞቅ ነገር እንግዛ ስንል እማዬ ተቆጣች። «ሂተር ጨረር አለው፣ ፅንሱን ይጎዳዋል። ከሰሉ ምን አጠፋ?» ሳጣራው ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ አገኘሁት።

ከሂተሩ እንጀምር። ሽቦው ዙሪያ የሚፈጠረው መግነጢሳዊ መስክ እንደ ራጅ ጨረር አይደለም፤ ዘረ መልን የሚሰብር ጉልበት የለውም። ራቅ ሲሉትም ቶሎ ይደክማል። ከአልጋው ሜትር ተኩል ካራቁት ይበቃል። እኔን ያሳሰበኝ ሶኬቱ ነው። ባለ 2000 ዋት ሂተር ወደ 9 አምፔር ይስባል። የእኛን ማከፋፈያ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ብነካው እጄን ለበለበኝ፤ ፕላስቲኩም መሽተት ጀምሮ ነበር። በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰኩት።

የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ግን ሌሊቱን ሙሉ ገላ ላይ ነው የሚያድረው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2002 ከኤሌክትሪክ የሚመጣውን እንዲህ ያለ መግነጢሳዊ መስክ «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» በሚለው ምድብ አስገብቶታል። መነሻው ቤታቸው ውስጥ በአማካይ ከ0.4 ማይክሮቴስላ (የመስኩ ጥንካሬ መለኪያ) በላይ የሚያገኛቸው ልጆች ላይ የደም ካንሰር በርከት ብሎ መታየቱ ነው። መንስኤው መስኩ ራሱ ስለመሆኑ ግን አልተረጋገጠም። ውርጃን በተመለከተም ጥናቶቹ አይስማሙም። ከገዙት አልጋውን ያሙቁበትና ከመተኛትዎ በፊት ከሶኬት ይንቀሉት። ለሕፃን ግን በጭራሽ፤ ቢሞቀው ገፍቶ አይጥለው፣ ሽንቱም አለ።

ከሰል ዋጋው ቀላል ነው። ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፣ ከፅንሱ ደም ደግሞ ቶሎ አይወጣም። በዝግ ቤት ይገድላል። በዚህ ብርድ መስኮት ከፍቶ የሚተኛ ማን አለ? ለመኝታ ቤት በነጻ ቢሰጡኝም አልወስድም።

 

እኛ ሂተሩን ገዛን። ማታ አንድ ሰዓት ያህል ይበራል፤ ስትተኛ ይነቀላል፣ ከዚያ የመንዝ ባና ትደርባለች። እማዬ ግን ሂተሩ በበራ ቁጥር አሁንም ነጠላዋን እህቴ ሆድ ላይ ጣል ታደርጋለች።