ዘጠኝ ወር ከፒግመንት ፕሪንተሬ ጋር

የገዛሁት ጥቅምት ላይ ነው። አራቱም ቀለሙ ፒግመንት የሆነ፣ ባለታንክ ኤ4 ፕሪንተር። ባሕር ዳር ቤቴ ቁጭ ብዬ የሥዕል መጻሕፍት በእጄ እጠርዛለሁ። ደንገሉን፣ ታንኳውን፣ የዘጌን ቡና እሥላለሁ፤ ስካን አድርጌ አትማለሁ፤ በክር እሰፋለሁ።

የድሮው ፕሪንተሬ ዳይ (ውሃ የሚያሟሟው) ቀለም ነበር የሚጠጣው። ያምራል፣ ሙጫ እስኪነካው። የዱቄት ሙጫ ውሃ ስላለው ሽፋን ስለጥፍ የጣና ሰማያዊ ታንኳው ላይ ይፈስብኝ ነበር። ፒግመንት ግን ውሃ አያሟሟውም፤ እንደ ደቃቅ ዱቄት ወረቀቱ ላይ ይቀመጣል። እንዲያም ሆኖ ያተምኩትን ሳላሳድር ሙጫ አላስነካውም።

የመጀመሪያው ወር አናዶኛል። ጥቁሩ አመድ መሰለ። ልመልሰው ሁሉ አስቤ ነበር። ለካ ጥፋቱ የኔ ነው፦ ማት (የማያብለጨልጭ) ወረቀት እያስገባሁ ሴቲንጉ ላይ "ፕሌን" (ተራ ወረቀት) እንዳለ ትቼዋለሁ። ፕሪንተሩ የሚረጨውን የቀለም መጠን የሚወስነው በዚያ ነው። "ማት" ስለው ጠቆረ። የብራና ጸሐፊዎቻችንን ጥቁር ግን አያክልም፣ እሱ ሌላ ነው።

እጥፋቱም አስቸግሮኝ ነበር። የኤ4 ወረቀት ቃጫ አብዛኛውን ጊዜ በቁመቱ ይሄዳል። ለሁለት ስታጥፉት እጥፋቱ ስለሚያቋርጠው ቃጫው ይሰበራል፤ ቀለሙም እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። አሁን ትልቅ ወረቀት ገዝቼ፣ ቃጫው ከመጽሐፉ ጀርባ ጋር እንዲሄድ አድርጌ ራሴ እቆርጣለሁ።

ዋናው ራስ ምታት መብራት ነው። እያተመ ከጠፋ ሄዱ (ቀለም የሚረጨው ክፍል) ወደ ማረፊያው አይመለስም፤ ሳይከደን ይቀራል። ሚያዝያ ላይ በዚያ ሙቀት እንዲሁ አደረና ማጀንታው (ሐምራዊ ቀዩ ቀለም) ተደፈነ። ሦስት ጊዜ ሄድ ክሊኒንግ (ቀለም እየገፋ ሄዱን የሚያጸዳውን) አደረግሁ፤ ስንት ቀለም ሄደ መሰላችሁ! እናቴ "ይሄስ ከላም በላይ እንክብካቤ ይፈልጋል" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ገዝቻለሁ። ከማከፋፈያው ነቅዬም አላጠፋውም፣ በራሱ ቁልፍ ብቻ።

አሁን ሐምሌ ነው፤ ወረቀቱ እርጥበት እየሳበ ይጠቀለላል፣ ሄዱም ጠርዙን እየነካ ያቆሽሸዋል። ላስቲክ ውስጥ አስሬ፣ ጣውላ ጭኜበት አስቀምጣለሁ።

በወር አንዴ ብቻ የምታትሙ ከሆነ አትግዙት፣ ኖዝሉ (ቀለም የሚወጣበት ቀዳዳ) ይደርቅባችኋል። እኔ ሥራ ባይኖረኝም በየሰኞው አንድ ገጽ በአራቱም ቀለም አወጣለሁ። የእህቴ ልጅ ጀርባው ላይ ዓሣ ይሥልበታል።