ከሲቲ ዞን የሚመጣ ወተት፦ በቀፊራ አጠገብ ስላለች አንዲት የግመል ወተት መሸጫ

ድሬዳዋ ውስጥ የግመል ወተት አይጠፋም፤ የሚያስቸግረው ውሃ ያልገባበት፣ ከየት እንደመጣ የሚታወቅና ሳይበላሽ የደረሰ ወተት ማግኘቱ ነው። ከቀፊራ ገበያ ጥቂት ራቅ ብላ የምትገኝ፣ ስም ያልተለጠፈባት የአንዲት ጠባብ ሱቅ ደንበኛ ሆኜ ሁለት ዓመት የቆየሁት በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ በፊት ከሌላ ቦታ የገዛሁት ወተት ልጄን ሁለት ቀን አስተኝቷት ስለነበር ይህን ግምገማ የምጽፈው በጥንቃቄ ነው።

ሻጯ የጀሪካኑን ክዳን ስትከፍት አስቀድሞ የሚመጣው የጢስ ሽታ ነው። አላቢዎቹ ወተቱ ከመግባቱ በፊት ዕቃውን በወይራ እንጨት ያጥኑታል፤ ይህም መዓዛ ከመስጠቱ በላይ ወተቱ ቶሎ እንዳይኮመጥጥ ይረዳል። ሲቀዳ ነጭ አረፋ ይይዛል፤ ከላም ወተት ቀጠን ያለ ሆኖ መጨረሻው ላይ ጨው ጨው ይላል።

ጣዕሙ ግን ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ብዙ ደንበኞችም ይህን እንደ ማጭበርበር ሲቆጥሩት ሰምቻለሁ። እኔ በዚህ አልስማማም። ወተቱ የሚመጣው ቀድሞ ሽንሌ ዞን ይባል ከነበረው ከሲቲ ዞን ነው፤ ይኸውም በሶማሌ ክልል ሥር ሆኖ ከድሬዳዋ ሰሜን እስከ ጅቡቲ ድንበር የተዘረጋ፣ በአንድ በኩል ከአፋር፣ በሌላው ከሐረርጌ ተራሮች ግርጌ ጋር የሚገናኝ ሰፊ ቆላ ሲሆን፣ ሰው የሚኖርበት ተራርቆና ከከብቱ ጋር እየተንቀሳቀሰ ነው። ከተራራው የሚወርዱት ወንዞች አብዛኞቹ ዝናብ ሲጥል በደራሽነት አልፈው አሸዋ ውስጥ የሚቀሩ ናቸው። ዝናቡም ሁለት ወቅት አለው፦ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ድረስ ያለው ዲራዕ እና ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው ካራን። ግመል ውሃ ሲጠማት ወተቷ ይቀጥናል፣ ቅባቱም ይቀንሳል፤ ጨዋማ ቁጥቋጦ ስትበላ ደግሞ ጣዕሙ ይለወጣል። ስለዚህ በየካቲት የቀጠነ ወተት ሁሉ ውሃ የተጨመረበት ነው ማለት አይቻልም። በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. ዝናቡ ሲከዳ ዞኑ ከአገሪቱ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ እንደነበረም የሚዘነጋ አይደለም።

አንድ ቀን ወተቱ በዘገየ ጊዜ «አባዮ (በሶማሊኛ እኅቴ)፣ ዛሬ የለም እንዴ?» ብዬ ሻጯን ጠየቅኋት። «ካራን ዘገየ፣ ግመሎቹ ወደ አዲጋላ በኩል ርቀዋል። እስከ ስድስት ሰዓት ጠብቅ» አለችኝ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ አገልግሎት በከተማችን አላየሁም።

ዋጋው ከላም ወተት ይወደዳል፤ ያም ቢሆን ያንሳል ብዬ አምናለሁ። አርብቶ አደሩ ከአራቱ ጡት አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱን ለግልገሉ ይተዋል፤ የቀረውን ሴቶች ከየቤቱ አሰባስበው ወደ ከተማ ያደርሱታል። ድሬዳዋ ራሷ የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር ሐረር ተራራ ላይ መውጣቱ ከብዶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ ሲደርስ ነው፤ ኤረር፣ አፍደም፣ አዲጋላና አይሻም የዚያው ሐዲድ ጣቢያዎች ነበሩ። አሮጌው ባቡር በየጣቢያው ሲቆም ወተት ሻጮች ጀሪካናቸውን ይዘው ይሳፈሩበት ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ዋና ሥራው የወደብ ጭነት ስለሆነ ለዚህ ንግድ አሮጌውን አልተካም፤ የዚህች ሱቅ ወተት ዛሬ የሚመጣው በመኪና ነው።

አስተዳደሩም ወተቱን ይነካዋል። ሱቋ በፌዴራል መንግሥቱ ተጠሪ በሆነው በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ናት፤ ወተቱ ደግሞ መቀመጫው ጅግጅጋ ከሆነው ክልል ይመጣል። ከሽንሌ ወደ ጅግጅጋ በአስፋልቱ የሚሄድ ሰው ድሬዳዋን አቋርጦ፣ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ፣ በሐረርና በባቢሌ በኩል ማለፍ አለበት፤ ወደ ገዛ ክልሉ ዋና ከተማ ለመድረስ የሦስት ሌሎች አስተዳደሮችን መሬት ይረግጣል ማለት ነው። የወተቱን ንጽሕና ከማለቢያው እስከ ብርጭቆው በጋራ የሚከታተል አሠራር ቢኖር ምኞቴ ነበር። ለጊዜው ክፍተቱን የሚሞላው ባህላዊው ሥርዓት ነው፦ በኮመጠጠ ጀሪካን ምክንያት ሁለት አቅራቢዎች ሲጣሉ ሱቋ በራፍ ላይ የዳኟቸው አንድ አዛውንት ናቸው፤ ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ ጉዳዩ ተቋጨ። በሲቲ ዞን የሚኖረው የኢሳ ሶማሌ ማኅበረሰብ የቃል ሕግ የሆነው ሔር ኢሴ፣ በኅዳር 2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የሰፈረው፣ የግጦሽና የውሃ ጠብንም የሚዳኝ ነው።

የሱቋ ጉድለት ሁለት ነው። የፕላስቲክ ጀሪካን ውስጡ በደንብ አይታጠብም፤ የብረት ዕቃ ቢተካው እጅግ ይሻላል። ሁለተኛው፣ ወተቱ ጥሬውን የሚሸጥ ሲሆን ሻጯም ማፍላት ጣዕሙን ይገድለዋል ባይ ናት። ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስን የመሰለ በሽታ ስለሚያስተላልፍ እኔ ቤት ወስጄ አፈላዋለሁ፤ በተለይ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ሳይፈላ እንዳይሰጥ አጥብቄ እመክራለሁ።

ወተቱ አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ይደርሳል፣ ከአምስት ሰዓት በኋላ ግን አይገኝም። የራሳችሁን ክዳን ያለው የብረት ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፤ የዕለቱ ወተት ከየት በኩል እንደመጣም ጠይቋት፣ ሳትሰለች ትነግራችኋለች።