ዲናሞውን ከማስቀየራችሁ በፊት ቡሎኗን ንኳት

ሀገር ቤት የገባሁት ለ3 ሳምንት ነው። ከዚያ ላይ 4 ቀን ያለፈው ጋራዥ ደጃፍ ተገትሬ ነው። ንዴቱ ቢበርድልኝ ኖሮ አልጽፈውም ነበር።

የተከራየሁት መኪና ሲያዩት ምንም አይወጣለትም። እናቴን ይዤ ቆላ የምትኖረው እህቷ ጋ ላደርሳት ነው። ሙቀቱ ሲጀምር ኤሲውን ከፈትኩ። ትንሽ ቆይቶ የዳሽቦርዱ መብራት ፈዘዝ፣ ቦግ፣ ፈዘዝ ማለት ጀመረ። ከኮፈኑ ስር ቀጭ የሚል ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ይፈዛል።

ሲጋራ መለኮሻው ላይ የምሰካት ቮልት የምታሳይ ትንሽ የስልክ ቻርጀር አለችኝ። ኤሲው ሲጠፋ 14.1 ትላለች። ሲከፈት 13.2፣ 12.8፣ 13.4፣ 12.7። እናቴ ከመንገዱ ይልቅ ቻርጀሯን ሳይ ጊዜ ተቆጣች። «መስኮቱን ክፈተውና ንፋስ ይግባ፤ ምን ያስጨንቅሃል?»

አከራዮቹ ጋ ደወልኩ። የተሰጠኝ መልስ ቃል በቃል ይህ ነው፦ «ታዲያ ኤሲውን አያብሩታ!» እኔ በምኖርበት ሀገር ቢሆን ሌላ መኪና ይለውጡልኛል። ስልኩን ዘጋሁና እናቴን መልሼ ቤት አስገባኋት።

አከራዮቹ የላኩኝ ጋራዥ ትልቅ ነው። ወለሉ ንጹህ፣ ሰራተኞቹ አንድ ዓይነት ቱታ የለበሱ። በዚህ ነው የተሸወድኩት። አለቃ የሚመስለው ሰውዬ ኮፈኑን ከፈተ፣ ጆሮውን ደቀነ፣ መልሶ ከደነው። «ዲናሞ ነው።» ሞተሩ ሲዞር ኤሌክትሪክ የሚያመርተውን ማለቱ ነው። ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) አላወጣም፣ ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ በጣቱ እንኳን ጫን ብሎ አላየም። «በምን አወቅህ?» ስለው «ልምድ ነው» አለኝ። ልምድ ካለው ሰው ጋር ምን ልከራከር!

እቃው እስኪመጣ አንድ ቀን። እቃው መጥቶ ሰራተኛው እስኪመጣ ሌላ ግማሽ ቀን። ዲናሞው ተቀየረ፣ ከፈልኩ፣ ወጣሁ። ገና መንገዱን ሳልይዝ 12.8፣ 13.3፣ 12.6። ተመልሼ ገባሁ። «እንግዲያው ባትሪው ነው» አሉ። ባትሪውም ተቀየረ። ያው ነው። የእጅ ዋጋ ግን ሁለት ጊዜ ተቆረጠብኝ፤ አንዱ ላልተበላሸ ዲናሞ፣ አንዱ ላልተበላሸ ባትሪ። የወጣውን ዲናሞ ስጡኝ ብል «ተጥሏል» ተባልኩ። ጥዋት የተፈታ ዲናሞ ከሰዓት የት እንደሚጣል ለእኔ አልገባኝም። በመጨረሻ አለቅዬው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «የዚህ መኪና ጠባዩ ነው።»

በአራተኛው ቀን የአጎቴ ልጅ አንድ ኤሌክትሪሺያን ጋ ወሰደኝ። ወጣት ነው፤ ቤቱ አንዲት መኪና አታስገባም፣ ስራው ደጅ ነው። መጀመሪያ ያነሳው ቴስተሩን ነው። እዚያው ላይ ልቤ ተመለሰ።

«ጋሼ፣ ኤሲውን ይክፈቱልኝ። ንፋሱን መጨረሻ ላይ ያድርጉት። የፊት መብራትም ያብሩ።»

ጋሼ አለኝ። ከሀገር ስወጣ «አንተ ልጅ» ነበር የምባለው። መሪው ላይ እጄን እንዳደረግሁ ትንሽ ዝም ብዬ ቀረሁ።

ባትሪው ራሱ ላይ ሲለካ 14.2፣ ፍንክች የለም። የኔዋ ቻርጀር በዚያው ሰዓት 12.9 ላይ ትንቀጠቀጣለች። «ዲናሞው ደህና ነው፤ ያመርታል። መንገድ ላይ የሚበላው አለ» አለኝ። ቀጥሎ አንዱን የቴስተር ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የመኪናው ቦዲ ላይ፣ ቀለም የሌለበት ብረት ፈልጎ አሳረፈ። 1.1 ቮልት። «እዚህ ጋ ከ0.1 ወይ ቢበዛ ከ0.2 ማለፍ የለበትም።» ኤሲውን ሲያስጠፋኝ ቁጥሩ ወረደ፤ ሲያስከፍተኝ ወጣ።

ማሳ የሚሉት ገመድ ነው፤ ኔጌቲቩን ከቦዲው የሚያገናኘው። የታሰረበትን ቡሎን «ይንኩት» አለኝ። ነካሁት፣ ትኩስ ነው። አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ያለው ቡሎን ቀዝቃዛ ነው። ሲፈታው የገመዱ ጆሮ በነጭና በአረንጓዴ ዝገት ተሸፍኗል፤ ከስሩ ደግሞ አንድ ጊዜ ቦዲው ሲቀባ የፈሰሰ ቀለም አለ። በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈገፈገው፣ መልሶ አጠበቀው፣ ግሪስ ቀባው። 1.1 የነበረው 0.06 ሆነ። የኔዋ ቻርጀር ኤሲው ተከፍቶ 14.0 ላይ ቆመች። ሁሉም ነገር 20 ደቂቃ አልፈጀም። የጠየቀኝን ገንዘብ ስሰማ ለዚያ ንጹህ ወለል የከፈልኩት ትዝ ብሎኝ አፈርኩ።

ኤሲው ለምን እንዲህ እንዳጋለጠው እየሰራ ነው ያስረዳኝ። ኮምፕሬሰሩን የሚያዞረው በቺንጋ ሞተሩ ነው፤ ቀጭ የምትለዋ፣ ኮምፕሬሰሩን ከቺንጋው ጋር የምታያይዘው ክላች የምትስበው 3 ወይም 4 አምፔር ቢሆን ነው። ዋናዎቹ በላተኞች ውስጥ የሚነፋው ብሎወርና ፊት ያለው ፋን ናቸው። ሁለቱ ሲደመሩ 30 አምፔርን ሊያልፉ ይችላሉ። ያ ሁሉ ተመልሶ በዚያች የዛገች ቡሎን በኩል ማለፍ አለበት። ክላቹ ሲይዝ ፋኑም ይነሳል፣ ሲለቅ ይቆማል፤ ቁጥሩም አብሮ ይጨፍራል። ኤሲው ሲጠፋ ግን የሚያልፈው ጥቂት ስለሆነ ጉዱ አይታይም።

ሁሉም መብራት ማፍዘዝ ማሳ ነው እያልኩ አይደለም። ኤሲው ሲነሳ ለአፍታ ዝቅ ብሎ መመለስ ጤነኛ መኪናም ላይ አለ። ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይረገጥ) ቆሞ ብቻ ወርዶ ጋዝ ሲረገጥ የሚስተካከል ከሆነ፣ ዲናሞ በዝግታ ሲዞር የሚሰጠው ትንሽ ስለሆነ ነው፤ የላላ ቺንጋም ያንኑ ያመጣል፣ እሱ ግን ብዙ ጊዜ ይጮሃል። አዳዲስ መኪናዎች ላይ ደግሞ ኮምፒውተሩ ራሱ ሆን ብሎ ቮልቱን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ባትሪው ላይ ተለክቶ 14 አካባቢ እያለ «ዲናሞ ቀይር» የሚላችሁ ካለ ግን ቁልፉን ተቀበሉና ሂዱ።

አንድ ነገር ልጨምር። በውጭ አገር መኪናህን ሰጥተህ መስታወት ጀርባ ትቀመጣለህ። ስምህ ሲጠራ ወረቀት ይሰጥሃል። እዚህ ልጁ አጠገብ ቆሜ ባትሪ መብራት ያዝኩለት፣ ቡሎን አቀበልኩት፣ እጄ ጠቆረ። ከ3 ሳምንቱ ያችን 20 ደቂቃ ነው ደጋግሜ የማስባት።

እናቴን በማግስቱ አደረስኳት። ግማሽ መንገድ ላይ ኤሲው በረዳትና ነጠላዋን ተከናነበች።

መኪናውን ስመልስ ለአከራዮቹ ደረሰኞቹን ሰጠኋቸው። አዲስ ዲናሞና አዲስ ባትሪ ገጥሜ ነው የመለስኩላቸው። «እናይልዎታለን» አሉኝ። ከተመለስኩ ሁለት ወር ሆነኝ፣ እያዩልኝ ነው።