ዩኤስቢውን ለቨርችዋል ማሽኑ መስጠት ወይስ ዳታውን በኔትወርክ መላክ?

ደሴ ላይ በቨርችዋል ማሽን (ኮምፒውተር ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር በሚሠራ ሶፍትዌር) ሆናችሁ፣ በአርቲኤል-ኤስዲአር (ዩኤስቢ ላይ በሚሰካ የሬዲዮ መቀበያ) ኤፍኤም ስትሰሙ ድምፁ ከተቆራረጠ፣ ጦሳ ተራራ ሞገዱን ከልሎት ነው ከማለታችሁ በፊት ቨርችዋል ማሽኑን እዩ።

መቀበያው ሞገዱን እየለካ በሰከንድ 2.4 ሚሊዮን ናሙና ሲልክ 4.8 ሜጋባይት ማለት ነው፤ አንዱ ናሙና ሁለት ባይት ይይዛልና። ቨርችዋል ማሽኑን በሚያስኬደው ፕሮግራም፣ በቨርችዋልቦክስ ላይ የተመረጠው ዩኤስቢ 1.1 ከሆነ ግን ጣሪያው በሰከንድ 1.5 ሜጋባይት ነው። በቃ፣ እዚያው ይታነቃል! ማሽኑን አጥፉና ሴቲንግ ገብታችሁ ወደ 2.0 ወይም 3.0 ቀይሩት። ከዚያ የመቀበያውን መፈተሻ ፕሮግራም፣ አርቲኤል-ቴስትን አስኪዱ። አሁንም ባይት እየጠፋ ነው ካለ፣ ዩኤስቢውን ወደ ቨርችዋል ማሽኑ ማሳለፉ ራሱ አልቻለም ማለት ነው።

ያኔ እኔ ያለማመንታት ኔትወርኩን እመርጣለሁ። የመቀበያውን ዳታ በኔትወርክ የሚልከውን ፕሮግራም፣ አርቲኤል-ቲሲፒን፣ ቨርችዋል ማሽኑን በያዘው ዋናው ኮምፒውተር ላይ ክፈቱ፤ ቨርችዋል ማሽኑ በፖርት 1234 ይቀበላል። አርቲኤል-ቲሲፒ ካልተቀየረ 127.0.0.1 ላይ ብቻ (ማለትም ከዚያው ኮምፒውተር የሚመጣውን ብቻ) ስለሚያዳምጥ፣ ሲነሳ የዋናውን ኮምፒውተር አይፒ ስጡት።