ተጠባባቂው ሰርቨር «ነፃ ነው» ሲሏችሁ

ጓደኞቼ ደጋግመው ይጠይቁኛል፦ «አንዱ ሰርቨር ሲወድቅ ሌላው ወዲያው እንዲረከብ እንፈልጋለን፤ የቱን ዳታቤዝ እንግዛ?» መልሴ ፖስትግሬስ የተባለው ነፃ ዳታቤዝ ነው። ምክንያቴም ላይሰንስ፣ ማለትም ሶፍትዌሩን ለመጠቀም የሚከፈለው የፈቃድ ዋጋ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። እያንዳንዳቸው 16 ኮር (በፕሮሰሰር ውስጥ ያለ የማስሊያ ክፍል) ያላቸው ሁለት ሰርቨሮች አሉን እንበል። የኦራክል ዳታቤዝ ትልቁ እትም፣ ኢንተርፕራይዝ፣ በዋጋ ዝርዝሩ ለአንድ ፕሮሰሰር 47,500 ዶላር ነው። ኢንቴል ላይ ሁለት ኮር እንደ አንድ ፕሮሰሰር ይቆጠራል፤ ስለዚህ ለአንዱ ሰርቨር 380,000። ሁለቱን አጣምሮ የሚያሠራው ራክ ደግሞ ለብቻው 23,000 በፕሮሰሰር ይጠየቅበታል። የሁለቱ ሰርቨሮች ድምር 1,128,000 ዶላር! በዚያ ላይ የድጋፍ ክፍያው በየዓመቱ 22 በመቶ ነው፤ 248,160። ተደራድሮ ማስቀነስ ይቻላል፤ ድርድሩ የሚጀምረው ግን ከዚህ ነው።

የማይክሮሶፍቱ ዳታቤዝ፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር 2022 ኢንተርፕራይዝ፣ ይሻላል፤ ለሁለት ኮር 15,123፣ ለ16ቱ 120,984 ዶላር። ሶፍትዌር አሹራንስ የሚባለውን ዓመታዊ ክፍያ ከከፈላችሁ ተጠባባቂው ላይሰንስ አይጠየቅበትም። ግን ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አለበት።

እኔን ያቃጠለኝ እዚህ ላይ ነው። በአንድ የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ የገዛነው ዳታቤዝ «ሁለተኛው ነፃ ነው» ተብሎ ነበር የተሸጠልን። የወር መጨረሻ ሪፖርት ዋናውን ሰርቨር ሲያጨናንቀው፣ አንዲት የግንኙነት መስመር ቀይረን ሪፖርቱን ወደ ተጠባባቂው አዞርነው። ሁሉም ነገር ፈጠነ፤ ደስ አለን። የላይሰንስ ኦዲት ሲመጣ ግን ሪፖርት የሚነበብበት ሰርቨር ተጠባባቂ አይደለም፣ ለሁሉም ኮር ክፈሉ ተባልን። ስትገዙ «ሪፖርት ባነብበትስ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ርካሹ የኤስኪውኤል ሰርቨር እትም፣ ስታንዳርድ፣ ለ16 ኮር 31,560 ዶላር ነው። ሆኖም አብሮ ወደ ተጠባባቂው የሚዛወር አንድ ቡድን አንድ ዳታቤዝ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ተጠባባቂውም አይነበብም። አራት ዳታቤዝ ላለው ሲስተም ራስ ምታት ነው።

ፖስትግሬስ ላይ የላይሰንስ ወጪ ዜሮ ነው። ከ2010 ጀምሮ ተጠባባቂውን እንደልብ ማንበብ ይቻላል። ዋናው ሲወድቅ ሌላውን የሚሾመው ፓትሮኒ የተባለው ሶፍትዌርም ነፃ ነው። ወጪው ሌላ ቦታ ነው፦ ዋናው የቱ እንደሆነ ለመወሰን ድምፅ የሚሰጡት፣ ኤትሲዲ የተባለው ሶፍትዌር የሚሠራባቸው ማሽኖች ሦስት ይሁኑ፤ ሁለት ከሆኑ አንዱ ሲጠፋ አብላጫ ድምፅ ስለማይገኝ ውሳኔ የለም። ሦስተኛዋ ትንሽ ማሽን ብትሆንም ትበቃለች። ከላይሰንስ የተረፈውን ገንዘብ ነገሩን በደንብ ለሚያውቅ ባለሙያ ክፈሉት፤ ሥራ ሳይጀመር በፊትም የዋናውን ሰርቨር ገመድ ነቅሎ ያሳያችሁ።

የገዛችሁት ሲስተም ኦራክል ላይ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ምርጫ የላችሁም። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ ራክን ከዋጋው ላይ አስወጡና የዳታቤዙን ቅጂ በተጠባባቂው ላይ የሚያኖረውን ዳታ ጋርድን ጠይቁ፤ ኢንተርፕራይዙ ውስጥ አብሮ ይመጣል። የተጠባባቂው ላይሰንስ ግን እዚያም ሙሉውን ይከፈላል።