ፓይንፎንና ብሉቱዝ ማዳመጫ፦ የስምንት ወር ትዝብት

ስልኩን መስከረም ላይ ከአሜሪካ ያመጣልኝ የአጎቴ ልጅ ነው። እሱ ሁለት ወር ታግሎ ሰልችቶታል። «አንተ ነገር መፈታታት ትወዳለህ፣ ይኸው» ብሎ ሰጠኝ። አሁን ግንቦት ነው። በእነዚህ ስምንት ወራት ዘፈኑንም፣ መዝሙሩንም፣ ሬዲዮውንም የሰማሁት በዚሁ ስልክና እዚህ ጎንደር፣ ፒያሳ በገዛሁት ገመድ አልባ ማዳመጫ ነው። ስለ ሌላው ነገር ብዙ አላወራም። ካሜራው 5 ሜጋፒክስል ነው፣ ፍጥነቱም የዔሊ ነው፤ አለቀ። የምጽፈው ስለ ድምፁ ነው።

ለማያውቀው ያህል፣ ፓይንፎን ላይ አንድሮይድ የለም። እንደ ኮምፒውተር ሊኑክስ የሚባለው ሲስተም ይጫንበታል፤ ሲስተሙም ኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው። የእኔው 3 ጊጋባይት ራምና 32 ጊጋባይት ማከማቻ አለው፤ አዲሱ በ199 ዶላር ይሸጥ ነበር። እኔ የጫንኩት ሞቢያን የሚባለውን ነው፤ ዴቢያን የሚባለው የኮምፒውተር ሊኑክስ ዘመድ ነው። ከሚሞሪ ካርድ ስለሚነሳ፣ ሲበላሽብኝ ካርዱን አውጥቼ እንደ አዲስ እጭነዋለሁ። እስካሁን አራት ጊዜ አበላሽቼዋለሁ።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ብሉቱዝ የሚባል ነገር ስልኩ ላይ አልነበረም። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ብነካካ ምንም የለም። ዋይፋይም ጠፍቷል። ሲስተሙን ሁለቴ እንደገና ጫንኩ። ለካ ከኋላ ሽፋኑ ሥር ስድስት ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች አሉ! አንደኛው የሲሙን ክፍል፣ ሁለተኛው ዋይፋይና ብሉቱዙን፣ ሦስተኛው ማይኩን፣ አራተኛውና አምስተኛው ካሜራዎቹን ያጠፋሉ። በሶፍትዌር አይደለም፤ ልክ እንደ ቤት መብራት ነው። የአጎቴ ልጅ ሁለተኛውን አጥፍቶት ኖሯል። ደውዬ ብጠይቀው «እንዳይሰልሉኝ ብዬ ነዋ» አለኝ። ማን እንደሚሰልለው እግዜር ይወቅ።

ሁለተኛውን በመርፌ ጫፍ ሳበራ መርፌው ተንሸራቶ ስድስተኛውን አጠፋሁት። ይህን ያወቅኩት ከሳምንት በኋላ ነው። ስድስተኛው የባለ ገመዱ ኢርፎን መሰኪያ ነው። እሱ ሲጠፋ መሰኪያው ድምፅ ማውጣቱን ይተውና፣ ከኮምፒውተር ጋር በጽሑፍ መነጋገሪያ መስመር ይሆናል። እኔ ደግሞ ኢርፎኑን ሰክቼ ዝም ሲለኝ «ተበላሸ» ብዬ ለታናሽ እህቴ ሰጠኋት። በእሷ ስልክ አንጀት አርስ ሆኖ ሠራ። አልመለሰችልኝም።

ወደ ገመድ አልባው ልመለስ። ማዳመጫው ስልኩ ላይ ስሙ ይታያል፣ «ተገናኘ» ይላል፣ ወዲያው ደግሞ ይለቃል። ተገናኘ፣ ለቀቀ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት የታናሽ ወንድሜን ስልክ ነው። ማዳመጫውን ቀድሞ የሞከረው በእሱ ስልክ ስለነበር፣ ከሳጥኑ በወጣ ቁጥር ወደዚያ ይሮጣል። ወንድሜ «ፎርጌት» ብሎ ከስልኩ እንዲሰርዘው አደረግኩ። አሁንም ያው ነው። ዋናው ችግር ግን ሌላ ነበር። ዴቢያን ላይ ድምፁን ወደ ብሉቱዝ የሚያሻግረው ክፍል ለብቻው የሚጫን ፓኬጅ ነው። ድምፁን የሚያስተዳድረው ፐልስኦዲዮ ከሆነ የራሱ የብሉቱዝ ሞጁል አለው፤ ፓይፕዋየር ከሆነም እንዲሁ የራሱ አለው። እሱ ከሌለ ሁለቱ መሣሪያዎች ሰላምታ ይለዋወጣሉ እንጂ የሚያወሩበት ቋንቋ የላቸውም። ፓኬጁን ጭኜ ስልኩን አጥፍቼ ሳበራው ሠራ።

ማገናኘቱን ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት ተርሚናል፣ ብሉቱዝ ሲቲኤል በሚባለው ፕሮግራም እንድታደርጉት እመክራለሁ። ሴቲንጉ ሲከሽፍ ለምን እንደከሸፈ አይነግርም፤ ተርሚናሉ ይናገራል። ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው፦ ስካን (መፈለግ)፣ ፔር (ማጣመር)፣ ትረስት (ማመን)፣ ኮኔክት (ማገናኘት)። ብዙ ሰው ትረስትን ይዘለዋል። እኔም ዘልዬው ጠዋት ጠዋት ማዳመጫውን በእጄ ማገናኘት ነበረብኝ። አሁን ከሳጥኑ ሳወጣው ራሱ ይመጣል።

የድምፁ ጥራትስ? ጊዜው ሁዳዴ ነበርና በበገና ፈተንኩት። በገና ለዚህ የሚስማማ መሣሪያ ነው። አሥሩ አውታር የሚነዝረው ሥሩ ካለው ቁራጭ ቆዳ ጋር እየተነካካ ነው፤ ያ ንዝረት ረጅም ነው፣ ትንሽ ቢቆረጥ ጆሮ ያውቀዋል። የመጀመሪያ ቀን የሰማሁት በገና ጉድጓድ ውስጥ የተደረደረ ይመስል ነበር። ማዳመጫው የተገናኘው ለጥሪ በሚሆነው መንገድ፣ በኤችኤፍፒ ነበር። ኤችኤፍፒ ማይክንም ስለሚይዝ ድምፁ በአንድ ቻናል፣ ጠቦ ነው የሚመጣው። ለሙዚቃ የሚሆነው ኤ2ዲፒ ነው። ፓቩኮንትሮል የሚባለውን ፕሮግራም ከፍቼ ቀየርኩት። (ፕሮግራሙ የተሠራው ለኮምፒውተር ስክሪን ስለሆነ ቁልፎቹ ስልኩ ላይ የምስር ፍሬ ያክላሉ። ትዕግሥት ይስጣችሁ።) ከዚያ በኋላ በገናው በገና ሆነ። ድምፁን ለብሉቱዝ የሚያጨምቀው ኮዴክ ያው ሁሉም የሚችለው ኤስቢሲ ነው። በደህና ቀን በሰከንድ ወደ 328 ኪሎቢት ያስተላልፋል፤ ለእኔ ጆሮ ይበቃል።

መቆራረጡ ግን አለ፣ ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛው ዋይፋይ ነው። ስልኩ የሚይዘው የ2.4 ጊጋኸርትዙን ዋይፋይ ብቻ ነው፤ ብሉቱዝም እዚያው ላይ ነው። ከባድ ፋይል ሳወርድ ዘፈኑ ይንተባተባል። እናም የምሰማውን ማታ አውርጄ ጠዋት ዋይፋዩን አጠፋለሁ። ሁለተኛው የራሴ ገላ ነው። የሰው ገላ አብዛኛው ውኃ ነው፣ ውኃ ደግሞ ይህን ሞገድ ይውጠዋል። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በታክሲ ስመጣ ስልኩ በግራ ኪሴ ከሆነ ይቆራረጣል፣ በቀኝ ከሆነ አይቆራረጥም። ከስልኩ ጋር የሚገናኘው የማዳመጫው ዋና ጆሮ ቀኙ ነውና። ጋቢ ምንም አያደርገውም። ይህን ለማጣራት አንድ ሳምንት ኪስ ስቀያይር ከረምኩ። አንድ ቀን እንዲያውም በዚሁ ተመስጬ ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ሲል ሳልሰማ አልፌ፣ ሁለት ፌርማታ በእግሬ ተመለስኩ።

ሌላው እንቅልፉ ነው። ስክሪኑ ጠፍቶ ጥቂት ሲቆይ ስልኩ ይተኛል፣ ዘፈኑም አብሮት ይተኛል። በራሱ እንዳይተኛ ሴቲንግ ውስጥ መከልከል ይቻላል፤ ግን ባትሪውን ይበላዋል። እኔ ስሰማ ከልክዬ ስጨርስ እመልሰዋለሁ። ደግነቱ ባትሪው ይወጣል፤ መጠኑም የሳምሰንግ ጄ7 ስለሆነ አንድ ትርፍ ገዝቼ ኪሴ ውስጥ ይዣለሁ። መብራት የሄደ ቀን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ቁስሉ። ጥሪ። የስልክ ጥሪ ድምፅ ሙዚቃው በሚሄድበት መንገድ አይሄድም። የሲሙ ክፍል የራሱ ሲስተም ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ነው፤ ድምፁን በቀጥታ ለድምፅ ቺፑ ያቀብላል። ወደ ብሉቱዝ ለማሻገር መሃል ላይ በሶፍትዌር ድልድይ መሥራት ያስፈልጋል። ድምፅን ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው በሚያቀብለው፣ ሉፕባክ በሚባለው ሞከርኩ። እናቴ ደወለች።

«ልጄ፣ ዋሻ ውስጥ ነህ እንዴ?»

«አይ እማዬ፣ ሥራ ቦታ ነኝ።»

«እኔ የምለውን መልሶ ለእኔው ይነግረኛል እኮ! አንተ የት ሄድክ?»

እኔ እሷን አጥርቼ እሰማታለሁ፣ እሷ የምትሰማው የራሷን ድምፅ ነው። ሁለት ሳምንት ደከምኩበት። አንድ ቀን ይሠራል፣ ሲስተሙን ሳድስ ይፈርሳል። በመጨረሻ ተውኩት። ጥሪ የሚበዛበት ሰው ይህን ስልክ ለገመድ አልባ ማዳመጫ ብሎ እንዳይገዛ። መስማት ብቻ ለሚፈልግ፣ ለመነካካትም ጊዜ ላለው ግን ከአንድ ቅዳሜ በኋላ ይገራል።

እኔ ሌላ ባለ ገመድ ኢርፎን ገዝቼ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀመጥኩ። ስድስተኛውንም ማብሪያ አብርቼዋለሁ። እማዬ ስትደውል አንዱን ከጆሮዬ አውጥቼ ሌላውን እሰካለሁ። «ምን ሆነህ ነው ቶሎ የማታነሳው?» ትለኛለች።